የሦስተኛው ኩሬ ዘበኛ

ማክሰኞ ጠዋት፣ አሽዶድ ከተማ ከሰፈሬ ከሮቫ ጊሜል ወደ ሥራ በሚወስደኝ አውቶቡስ ተሳፍሬ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ስሙን አየሁና አላነሳሁትም። «ጋሽ ታረቀኝ» ይላል። እንደገና ጮኸ፤ አላነሳሁትም። ሦስተኛም ጮኸ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ዞር ብላ ገላመጠችኝ። በአራተኛው ተናድጄ አነሳሁትና ሰላምታ እንኳ ሳላስቀድም፣ «ጋሽ ታረቀኝ፣ አውቶቡስ ላይ ነኝ! ስደርስ አያለሁ፤ ወፎቹ የትም አይሄዱም!» አልኩ።

ከወዲያ በኩል የሴት ድምፅ መጣ።

«ያፋ፣ አስቴር ነኝ። አባዬ ዐረፈ። ጫማውን እያሰረ ሳለ ነው።»

ልጃቸው ናት። ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም። የማስታውሰው የተሰማኝን ነው፤ እሱን ስናገር ደግሞ አፍራለሁ። ከሐዘኑ ቀድሞ የመጣብኝ ንዴት ነበር። እኚህ ሰው አንድ ጊዜ እንኳ እኔ በተዘጋጀሁበት ሰዓት አንድ ነገር አድርገው አያውቁም። ሲደውሉ ያለ ሰዓቱ ነው፣ ሲመጡ ሳይናገሩ ነው። አሁን ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ ልነግራቸው የፈለግሁትን ቃል ሳይሰሙኝ ጥለውኝ ሄዱ።

ጋሽ ታረቀኝን ያወቅኳቸው በሥራ ነው። ከአድ ሃሎም የመንገድ መገናኛ ወዲያ፣ መጋዘኖቹና ፋብሪካዎቹ የሚያልቁበት ሜዳ ላይ፣ የፍሳሽ ውሃ የሚጣራባቸው ኩሬዎች አሉ። እኔ የውሃውን መጠን እቆጣጠራለሁ፤ የቱ ኩሬ ይሙላ፣ የቱ ይጉደል፣ የቱ ቧንቧ ይከፈት የሚለው የኔ ጉዳይ ነው። እሳቸው የበሩ ዘበኛ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በካርቶን ፋብሪካ ጨርሰው፣ ጡረታ ወጥተው፣ «ቤት መዋል ከዘነበች ጋር ያጣላኛል» ብለው ነው የመጡት። ዘነበች ባለቤታቸው ናቸው። ታረቀኝ ብሎ ስም ያወጣላቸው ሰው ቀልደኛ መሆን አለበት፤ እኛ ግቢ ውስጥ ያልተጣሉት ሰው አልነበረም።

ከኔ ጋር የተጣሉት በመጀመሪያው ቀን ነው። በሥራ ቦታ ስሜ ያፋ ነው። በስድስት ዓመቴ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ስንመጣ፣ እዚህ ትምህርት ቤት የገባሁ ዕለት መምህሯ ያወጣችልኝ ስም ነው፤ ለምጄዋለሁ፣ እወደዋለሁም። ጋሽ ታረቀኝ ካርዴን ገልብጠው ገልብጠው አዩና፣ «እናትሽ ማን ብላ ነበር የምትጠራሽ?» አሉኝ። «ውባለም» አልኳቸው። ተሳሳትኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመገናኛ ሬዲዮው፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «ውባለም! ውባለም! ሁለተኛው ኩሬ ላይ እንግዳ አለ!» ሆነ። ሰው ሳይፈቀድለት ገባ ብዬ በዚያ ፀሐይ ስሮጥ እደርሳለሁ። እንግዳው ወፍ ነው። አንዲት ወፍ፣ ጭቃው ላይ ቆማ፣ እኔን ከቁብም ሳትቆጥር ትለቅማለች።

«ይቺን ለማየት ነው የጠሩኝ?»

«ትናንት አልነበረችም» ይላሉ፣ እንደ በቂ ምክንያት።

የእኛን ኩሬዎች ለማያውቅ ሰው ይህ ሁሉ እብደት ይመስላል። የአሽዶድ ሰው በነሐሴ መጨረሻ ሙቀት ባሕሩ ዳር ወዳለው ማሪና ወርዶ ነፋስ ይቀበላል። እኛ ግን ሽታው ውስጥ እንውላለን፤ ከሰሜን አገር ብርዱን ሽሽት የሚመጡት የውሃ ወፎችም እዚያው እኛው ጋ ይወርዳሉ። ረጅም እግር ያላቸው፣ ረጅም አፍ ያላቸው፣ ዳክዬዎችም፣ ስማቸውን የማላውቃቸውም። የከተማው ሰው የደፋውን ውሃ ትል ይወርሰዋል፣ ትሉን ወፍ ይበላዋል። ጋሽ ታረቀኝ ለዚህ አንድ አባባል ነበራቸው፤ በቀን አንድ ጊዜ ሳይሉት አይውሉም። «ሰው የተጸየፈውን እግዜር ማዕድ ያደርገዋል።» መጀመሪያ ስሰማው ደስ አለኝ። መቶኛው ላይ ጆሮዬን እይዝ ጀመር።

አንገታቸው ላይ የሩቅ ማያ መነጽር ይንጠለጠላል፤ አንደኛው ዓይኑ የተሰነጠቀ ስለሆነ በአንዱ ብቻ ያያሉ። ወፍ ሊያዩ የሚመጡ ሰዎች አዲስ ሊሰጧቸው ቢሉ እንቢ አሉ። «ሁለት ዓይን ያዘናጋል» ነው መልሳቸው። ለወፎቹ ስም ያወጡት ራሳቸው ናቸው። ጭራዋን ከፍ ዝቅ እያደረገች የምትሄደውን ትንሽ ወፍ «እሺ ባይ» ይሏታል። አፏን እንደ ልብስ ስፌት መኪና መርፌ ቶሎ ቶሎ ጭቃው ውስጥ የምትሰካውን «ሰፊዋ» ይሏታል። ቀይ ረጅም እግር ያለው «ባለቦላሌው» ነው። ጥቁርና ነጭ ለብሶ ቀኑን ሙሉ ምንም ሳይሠራ በሁሉም ላይ የሚጮኸውን ደግሞ፣ በዕብራይስጥ ሥራ አስኪያጅ ማለት ነውና፣ «መናሄል» አሉት። ይህን ስም እውነተኛው መናሄል፣ አለቃችን፣ እንዳይሰማ ስንቴ ለመንኳቸው! እሳቸው ግን ሰውዬው አጠገባችን ቆሞ ሳለ፣ «ውባለም፣ መናሄል ዛሬም እንቁላሉ ላይ ተቀምጦ ይጮኻል» ይሉኝ ነበር።

መቁጠርም ነበረ። በየጠዋቱ ይቆጥራሉ፤ እኔንም ያስቆጥሩኛል። የኔና የሳቸው ካልገጠመ እንደገና ነው። አንድ ቀን የውሃ ናሙና የምልክበት መኪና ሞተሩን አስነስቶ እየጠበቀኝ፣ «እኔ አርባ አንድ አልኩ፤ አንቺ አርባ ነው ያልሽው። አንዷን የት ጣልሻት?» ብለው ክንዴን ይዘው አስቀሩኝ።

«በረረች፣ ጋሽ ታረቀኝ!»

«ስትበርር አየሻት?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው አልበረረችም። ቁጠሪ።»

ስህተት አያምኑም። አንድ ዓመት በዚሁ ወቅት ወፍ የሚያጠኑ ሰዎች መጡ፤ ክንድ የሚያህል መነጽር ያላቸው፣ በየዓመቱ በንጋት የሚመጡ። የመናሄሉን ፈቃድ በስልክ አግኝተው ሳለ፣ ጋሽ ታረቀኝ ወረቀት የላችሁም ብለው ሃያ ደቂቃ በር ላይ አቆሟቸው። ከዚያ ደግሞ ራሳቸው ፕላስቲክ ወንበራቸውን ተሸክመው እየመሩ ወሰዷቸው። ከሰዎቹ አንዷ፣ ሸበቶ ሴት፣ ጭቃው ላይ ያለችውን ወፍ አይታ ስሟን ጠራች፤ እዚህ አገር እምብዛም የማትታይ ናት ብላ በደስታ ተንቀጠቀጠች።

«ሰፊዋ ናት» አሉ ጋሽ ታረቀኝ በተሰባበረ ዕብራይስጣቸው።

ሴትዮዋ በትሕትና ፎቶ አነሳች፣ አሳየቻቸው፣ ከመጽሐፍ ጋር አስተያየችላቸው። የእግሯ ቀለም ሌላ ነው። የአፏ ቁመት ሌላ ነው።

«ወፍ በቀለም አይታወቅም፤ በአረማመዱ ነው። ፎቶ ደግሞ አይራመድም» አሉና ወንበራቸውን አዙረው ጀርባ ሰጧት። እኔ አስተርጓሚ ነበርኩ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከሳምንት በኋላ ግን የወፎቹን ስም የሚጽፉበትን ደብተራቸውን ስገልጥ «ሰፊዋ» ከሚለው በታች «የሰፊዋ እኅት» የሚል አዲስ ስም ገብቶ አገኘሁ። ልጠይቃቸው ስል ደብተሩን ነጠቁኝ።

ከሁሉ የከፋው የሬዲዮ ጋዜጠኛዋ ነገር ነው። በአማርኛ የምታዘጋጅ ልጅ ናት፤ እኔ ነኝ ለምኜ ያመጣኋት። እኚህ አዛውንት ከጎንደር፣ ከደንቢያ ሜዳ፣ ጣና አጠገብ የመጡ ናቸው፤ ወፎቹም ከዚህ ተነስተው ወደዚያው ይሻገራሉ፤ ከዚህ የተሻለ ታሪክ ከየት ይገኛል? ጥሩ ቀሚሴን ለበስኩ። እሳቸውም ሸሚዛቸውን ተኩሰው መጡ። ልጅቱ ማይኩን አስጠግታ በለሰለሰ ድምፅ፣ «አባቴ፣ እነዚህ ወፎች ወደ አገርዎ ሲበሩ ሲያዩ ምን ይሰማዎታል? ምን ሰላምታስ ይልኩባቸዋል?» አለቻቸው።

«ወፏ ፖስታ ቤት ናት እንዴ?» አሉ።

ልጅቱ ሳቀች፤ ቀልድ መስሏት። እሳቸው ግን አልቀለዱም። «የነበረኝን ሰው ሁሉ ይዤ ወጥቻለሁ። የቀረው መቃብር ነው፤ መቃብር ሰላምታ አይቀበልም። ወፏም ወደ እኔ አገር አይደለም የምትሄደው፤ ወደ ራሷ ምግብ ነው። እኔ ማነኝ ብዬ ነው መንገዷ ላይ ደብዳቤ የምጭንባት?» ቀጥለው ስለ ጭቃ ማውራት ጀመሩ፤ የቱ ጭቃ ትል እንደሚይዝ፣ የቱ እንደማይዝ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ። ፕሮግራሙ አልተላለፈም። ሦስት ቀን አኮረፍኳቸው፤ እሳቸው ማኩረፌን አላወቁም።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ራሴን ለማጽደቅ እንደሆነ ይገባኛል። ምክንያቱም ከሦስት ዓመት በፊት ያ የሐሙስ ከሰዓት ሲደርስ፣ እኔ እሳቸውን መስማት አቁሜ ነበር።

ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት በሬዲዮ ጮኸው፣ ትልቅ ነጭ ወፍ ክንፉ ተሰብሮ አራተኛው ኩሬ መሃል እየሰመጠ ነው አሉኝ። ቡትስ አድርጌ እስከ ወገቤ ገባሁ። የፌስታል ቁራጭ ነበር። በዚያ በፍሳሽ ውሃ መሃል ፌስታሉን ይዤ ስቆም፣ ዳር ሆነው፣ «እንኳን ወፍ አልሆነ» አሉኝ። ይቅርታ እንኳ የለም።

ሐሙስ ደወሉ። «ሦስተኛው ኩሬ ላይ ሁለት ዳክዬ አንገታቸውን መያዝ አቅቷቸዋል። አንገታቸው ይወድቃል፣ ያነሱታል፣ ይወድቃል።»

ሦስተኛውን ኩሬ እኔ ነበርኩ ያጎደልኩት፤ የተበላሸ ፓምፕ ሊጠገን ስለነበር መናሄሉ አጉድይው ብሎኝ። ውሃው ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ሆኖ ቀርቷል፤ ሙቀቱም የሚቻል አልነበረም።

«እሑድ ሥራ ስገባ አያቸዋለሁ» አልኳቸው።

«እሑድ ሩቅ ነው።»

«ጋሽ ታረቀኝ፣ ዳክዬ ነው። ሊተኙ ነው እንጂ ምን ይሆናሉ? ነገ ዓርብ ነው፣ ከነገ ወዲያ ሰንበት ነው። እባክዎ ይተዉኝ።»

ዝም አሉ። ዝም ማለታቸው ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር፤ ዝም ብለው የሚያውቁ ሰው አይደሉማ። እኔ ግን ተገላገልኩ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

እሑድ ጠዋት በሩ ላይ አልነበሩም። ሦስተኛው ኩሬ ውስጥ ነበሩ። ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ የዳቦ ማመላለሻ ሳጥን በገመድ እየጎተቱ፣ የሞተ ዳክዬ እያነሱ ሳጥኑ ውስጥ ያስቀምጣሉ። የውሃው ዳር ሁሉ ሬሳ ነበር። ዳክዬው፣ ባለቦላሌው፣ ትንንሾቹም። በሕይወት ያሉት ደግሞ ከሞቱት ይብስ ነበር፤ ክንፋቸውን ጭቃው ላይ ዘርግተው፣ በእግራቸው መቆም አቅቷቸው፣ አንገታቸው ውሃ ውስጥ ወድቆ በሦስት ጣት ውሃ ይሰምጣሉ።

«ነግሬሽ ነበር» እንዲሉኝ ጠበቅኩ። ለዚህ ለዚያ፣ ለአንዲት ወፍ ቆጠራ እንኳ ቀኑን ሙሉ የሚነዘንዙኝ ሰው፣ ያን ቀን ምንም አላሉም። ሌላ ሳጥን ወረወሩልኝና፣ «ከዚያ በኩል ጀምሪ። የሞተውን ከሕያው አጠገብ አታሳድሪ» አሉኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ያ ዝምታቸው ከሁሉም በላይ ያናድደኛል። ቢሰድቡኝ ኖሮ መልስ ነበረኝ።

ሰባት ሰዓት ላይ ራበኝና ዳቦዬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። እጄን መቱኝ።

«በድን ነክተሻል። እስኪመሽ ርኩስ ነሽ። ታጥበሽ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ትበያለሽ።»

«ጋሽ ታረቀኝ፣ ልወድቅ ነው!»

«እኔም አልበላሁም። ስንወድቅ አብረን እንወድቃለን።»

የእንስሳት ሐኪሟ ከሰዓት መጣች። ሙቀትና የተኛ ውሃ ሲገናኙ ጭቃው ውስጥ የሚፈጠር መርዝ ነው አለች፤ አንገት የሚጥለው እሱ ነው። የሞተውን ትል ይበላዋል፣ ትሉን የበላ ወፍ ይሞታል፤ ስለዚህ ሬሳውን ቶሎ ማንሳት፣ ውሃውን ማደስና ከፍ ማድረግ ነው መፍትሔው። ጋሽ ታረቀኝ የመጀመሪያውን ሳይማሩ ሠርተውታል። ገና ነፍስ ያላቸውን አሥራ አንድ ዳክዬዎችም የዘበኛ ቤቷ ውስጥ አስገብተው፣ አየር ማቀዝቀዣውን ለቀውላቸው፣ አንገታቸውን በተጠቀለለ ፎጣ ደግፈው ንጹሕ ውሃ በማንኪያ ያጠጡ ነበር። ራሳቸው ውጭ ፀሐይ ላይ ተቀመጡ።

ሁለተኛው መፍትሔ ግን ውሃ ይፈልጋል። ከሦስተኛው አጠገብ ያለው ኩሬ ሙሉ ነው፤ ነገር ግን ተጣርቶ ለገበሬዎች መስኖ ቃል የተገባ ውሃ ነው። መናሄሉ ጋ ደወልኩ። «ረቡዕ ስብሰባ አለ፤ እስከዚያ እንዳትነኪው» አለኝ። ረቡዕ! እስከ ረቡዕ የሚተርፍ ወፍ አይኖርም።

ሰኞ ሲነጋ ቁልፌን ይዤ ሄድኩና ትልቁን ቧንቧ ከፈትኩት። ማንንም አልጠየቅሁም። ጋሽ ታረቀኝ ከበሩ ሆነው ያዩኝ ነበር፤ እጃቸውንም አላነሱም። ውሃው እየተንዶቀዶቀ ጭቃውን ይሸፍን ጀመር። አራት ሰዓት ግድም የመናሄሉ መኪና መንገዱ ላይ ታየ፤ ውሃው የቀነሰበት ገበሬ ደውሎለት ኖሯል። ውሃው የሚፈለገው ላይ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶታል።

ከዚያ በሩ ላይ የሆነውን ከሩቅ እያየሁ፣ በሬዲዮው እየሰማሁ ነበር። ጋሽ ታረቀኝ ሬዲዮአቸውን ክፍት ትተውታል፤ ረስተውት ይሁን ሆን ብለው አላውቅም።

«የመግቢያ ካርድ» አሉት።

«ታረቀኝ፣ ታውቀኛለህ! ክፈት!»

«አንተን አውቅሃለሁ። ካርድህን ነው ያላየሁት።»

ካርዱን አሳየ። የመኪናውን ታርጋ በዚያ እንደ ጉንዳን በሚያዘግም የዕብራይስጥ ጽሑፋቸው ጻፉ። የኋላውን ኮፈን ክፈት አሉት። ከፈተ። ትርፍ ጎማውን አንሳ አሉት። አነሳ፤ እየጮኸ። ከዚያ ብዕሩ ቀለም ጨረሰ አሉና ሌላ ሊፈልጉ ቤት ገቡ፤ አሥራ አንዱ ዳክዬ መሃል። ጩኸቱ በሬዲዮ ሲመጣ፣ ሰውዬው ይሁን ያ ባለጥቁርና ነጩ ወፍ መለየት አልቻልኩም። አራት ዓመት ሙሉ ያቃጠለኝ ያ ግትርነታቸው፣ ያን ጠዋት የወፎቹን ነፍስ ገዛ። መናሄሉ ኩሬው ዳር ሲደርስ ውሃው ሞልቶ ነበር።

ፊቱ ቀልቷል። «ማን ነው የከፈተው?»

አፌን ከፈትኩ። እምላለሁ፣ ከፍቼ ነበር።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ታረቀኝ ከኋላው።

«አንተ ቧንቧ መክፈት የት ታውቃለህ?»

«ስትከፍቱ ስትዘጉ አያለሁ። የዘበኛ ሥራው ማየት ነው።»

መናሄሉ ወደኔ ዞረ። ቁልፉ የኔ ኪስ ውስጥ እንደነበር ቢፈልግ ያገኘው ነበር። ግን ለሪፖርቱ አንድ ስም ይበቃዋል፤ እሳቸውን ደግሞ ከድሮም አይወዳቸውም። እኔ ውሃውን አየሁ። ከብዙ ዓመት የጊዜያዊ ውል በኋላ ቋሚ የሆንኩት ያን ዓመት ነበር፤ ሁለት ሴት ልጆቼን የማሳድገው ብቻዬን ነው፤ ትልቋ ለውትድርና እየተዘጋጀች ነበር። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው። ውሃውን አይቼ ዝም ማለቴም እውነት ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት በሩ ላይ ሌላ ዘበኛ ቆመ። ከአሥራ አንዱ ዳክዬዎች ሰባቱ ተርፈው በረሩ፤ ጋሽ ታረቀኝ ሲበሩ አላዩም።

ግን አልተገላገልኩም። ሁለት አውቶቡስ ቀያይረው እየመጡ ከአጥሩ ውጭ ወንበራቸውን ዘርግተው ይቀመጡ ጀመር። ከዚያ ሆነው ይደውላሉ። «ከዚህ አራተኛው ኩሬ አይታየኝም፤ ሂጂና እይልኝ።» «ዛሬ ውሃው ዝቅ ብሏል፤ ለምን?» እሳቸው ስለዚያች ሰኞ አንድ ቀን አላነሱም፤ እኔ ደግሞ ስማቸው ስልኩ ላይ በታየ ቁጥር እሷኑ ነበር የማየው። ስለዚህ ሦስት ተደውሎ አንዱን አነሳለሁ።

አንድ ጊዜ ቆረጥኩ። ምሳ ሰዓት ላይ ወጣሁና አጥሩ ጋ ሄጄ ከወንበራቸው አጠገብ ቁጢጥ አልኩ።

«ጋሽ ታረቀኝ፣ ያን ጊዜ፣ መናሄሉ ሲጠይቅ፣ እኔ…»

«እሽሽ!» አሉኝ፣ መነጽሩን ከዓይናቸው ሳያወርዱ። «ታስበረግጊያቸዋለሽ።»

«አንድ ነገር ልነግርዎ ነው የመጣሁት።»

«የምትነግሪኝን አውቀዋለሁ። ወፎቹን ግን ነገ አላገኛቸውም። ወይ ቁጭ ብለሽ እይ፣ ወይ ሂጂ።»

ተነስቼ ሄድኩ። በንዴት ድንጋይ እየረገጥኩ ሄድኩ። ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ እንዲህ ይመለሳል? ሌላ ቀን እነግራቸዋለሁ አልኩ። ሌላ ቀን ሲባል ዓመት ሞላ፤ ከዚያ ያ ማክሰኞ መጣ።

ለቅሶው እዚያው ሮቫ ጊሜል፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለው ቤታቸው ነበር። በሦስተኛው ቀን ሄድኩ። ቤቱ ሞልቷል፤ ሰው ሁሉ የሚያወራው እንዴት እንዳስቸገሩት ነው። በምኵራብ አጠገባቸው የሚቀመጠው ሰው፣ የኦሪት አንባቢውን በሰው ፊት እንዴት እንዳረሙት ይናገራል። የፎቁ ሴትዮ፣ በረንዳዋ ላይ የተሰቀለውን ልብስ ለእርግብ ብለው እንዴት እንዳስወረዷት ትናገራለች። ወለሉ ላይ የተቀመጡት እትዬ ዘነበች እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ፣ «ምን ይሄ ብቻ!» አሉ። «ሰው በስርቆት ይባረራል። ሰው በስንፍና ይባረራል። የኔ ባል በዳክዬ ተባረረ! ውሃ ከፈተ አሉኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ማታ፣ አንተ ሞኝ፣ በወፍ እንጀራህን ያጣህ ስለው ኖርኩ።»

ሰው ሳቀ። እሳቸውም በእንባቸው መሃል ሳቁ።

«እትዬ» አልኩ። ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። «ውሃውን የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

አስቴር የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች።

«ምን አልሽ?» አሉኝ እትዬ ዘነበች።

«እኔ ነኝ የከፈትኩት። እሳቸው እኔ ነኝ አሉ። እኔም ዝም አልኩ።»

ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ቁጣቸው ግን መጀመሪያ ወደኔ አልመጣም። ጉልበታቸውን በእጃቸው መቱና ጥግ ላይ ባዶውን በቆመው የባላቸው ወንበር ላይ ጮኹ። «ምነው ታረቀኝ! ሦስት ዓመት ሙሉ ስሰድብህ ዝም? አንድ ቃል? ለኔ፣ ለሚስትህ፣ አንድ ቃል? አሁን ማንን ይቅር በለኝ ልበል?» ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «አንቺም ተነሺ። ሂጂልኝ።»

ሄድኩ።

ሰባቱ የለቅሶ ቀን ካለቀ በኋላ እትዬ ዘነበች ደወሉልኝ። ሰላምታ የለም። «ያን ኩሬ አሳዪኝ» አሉኝ ብቻ። በሥራው መኪና ወስጄ አስገባኋቸው። እዚያ ረግጠው አያውቁም፤ ሲገባ ልብሱ የሚሸተው ይበቃኛል ይሉ ነበር አሉ። ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አስረው ሦስተኛው ኩሬ ዳር ቆሙ። ወፎቹ ያን ጠዋት ብዙ ነበሩ፤ የሚለቅመው ይለቅማል፣ የሚተኛው በአንድ እግሩ ቆሞ ይተኛል።

«ለዚህ ነው?» አሉ።

«ለዚህ ነው።»

ሂድ ሂድ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። ግን ቆዩ። ፀሐዩ አናታችን ላይ ወጣ። ነጠላውን ከአፍንጫቸው መቼ እንዳወረዱት አላየሁም።

«እኔ በእሱ ቦታ ብሆን እናገርብሽ ነበር» አሉኝ በመጨረሻ፣ ዓይናቸውን ከውሃው ሳያነሱ።

«አውቃለሁ፣ እትዬ» አልኳቸው። «እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን እናገር ነበር።»

ዳሩ ያንሸራትት ስለነበር ክንዴን ያዙ፤ እንደተያያዝን፣ ቀስ እያልን፣ ወደ መኪናው ወጣን።